የቄስ መርስዔ ኃዘን ወራሾች

የቄስ መርስዔ ኃዘን የአርባ ተዝካር በወጣ ማግስት፣ ዳሱ ገና ሳይፈርስ፣ ሦስቱ ልጆች ጓዳ ገብተው ተቀመጡ። ትልቁ ቃለአብ ደብረ ብርሃን በአንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ነበር የመጣው። አርሴማ ዘመሮ ከተማ አግብታ እዚያው ልብስ ትሰፋለች። ጥሩሸዋ ግን ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ከዚህ ቤት ርቃ ኖራ አታውቅም። እናትየው ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ካረፉ ወዲህ ቄሱን ያበላችው፣ ልብሳቸውን ያጠበችው፣ ዓይናቸው ሲደክም እጃቸውን ይዛ ኪዳነ ምሕረት ያደረሰቻቸው እሷ ናት። መሬቱን ምርቱን ለሚካፈል እኩል አራሽ ሰጥታ የምታሳርሰው፣ የምታርመው፣ በጎቹን የምታግደውም እሷ ናት።

«እንግዲህ የአባባ ነገር እንዲሁ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም» አለ ቃለአብ። «መሬቱም ቤቱም በእሳቸው ስም ነው ያለው። መሐል ሜዳ ፍርድ ቤት ሄደን የወራሽነት ማስረጃ እናውጣ። ሦስታችንም መታወቂያችንን እንያዝ።»

ሦስታችን ያለው አስቦበት አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ ወንድምና እህት ሲቆጥር እንደዚያው ነው የሚቆጥረው።

ጥሩሸዋን ግን ቄሱና ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ አልወለዷትም። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚያነሣው ግን የለም። እናቷ ሸዋረጋ የምትባል፣ ለአጨዳ ሥራ ከመርሐቤቴ ቆላ የወጣች ሴት ነበረች። ነፍሰ ጡር መሆኗን ሸሽጋ ስታጭድ ሰንብታ፣ እዚያው ከቄሱ ጎረቤት ቤት ምጥ ያዛትና ልጇን ተገላግላ ሞተች። ለዘመዶቿ የሚላክበት ቦታ እንኳ የሚያውቅ አልተገኘም። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ያን ጊዜ አርሴማን ያጠቡ ነበር። ሕፃኗን አምጥተው ሌላኛው ጡታቸው ላይ አስጠጓት። ቄሱም ክርስትና አስነሥተው፣ ዕድሜዋ ሲደርስ ተማሪ ቤት ወስደው በራሳቸው ስም አስመዘገቧት። ጥሩሸዋ መርስዔ ኃዘን ተብላ አደገች። እናቷ ማን እንደሆነች ወለተ ኢየሱስ ራሳቸው ነገሯት፤ በየዓመቱም ለሸዋረጋ ነፍስ ጸበል ጸዲቅ ያዘጋጁ ነበር። ከዚያ በላይ የተባለ ነገር የለም።

መሐል ሜዳ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ ኮምፒውተሩን በረንዳ ላይ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ዘንድ ሄዱ። ለምስክርነት የመጡት አቶ ወዳጆና አንድ ሌላ ጎረቤት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አቶ ወዳጆ የቄሱ የልጅነት ባልንጀራ ናቸው፤ ዳዊት አብረው ደግመዋል፤ ቄሱ እስኪሞቱም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አይለያዩም ነበር።

«የሟች ልጆች ስንት ናቸው?» አለ ጸሐፊው።

«ሦስት» አለ ቃለአብ።

«የሦስቱም እናት አንድ ናት?»

አርሴማ ፈጠን ብላ «አንድ ናት» አለች።

አቶ ወዳጆ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቆይ ልጄ፣ አትጻፍ» አሉት። ከዚያ ወደ አርሴማ ዞሩ። «እኔ ምዬ ምን እንድል ነው የምትፈልጉት?»

«ልጃቸው ናት በሉ ጋሽ ወዳጆ።»

«ልጃቸውማ ናት። ዳኛው ከማን ወለዷት ብሎ ሲጠይቀኝስ? ከወለተ ኢየሱስ እንዳልል ሸዋረጋን በገዛ እጄ ነው የቀበርኳት። ከሸዋረጋ እንዳልል መርስዔ ኃዘን እስኪሞት የቀደሰ ሰው ነው። ክህነት ያለው ሰው ከሚስቱ ውጭ ወለደ ብዬ፣ አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ፣ ስሙን ላጠፋ?»

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነገር ነው» አለ ጸሐፊው። «የሚቃወም ከሌለ ማንም አይመረምረውም። ሦስት ልጆች ናቸው ብለው ይወርዳሉ፤ አለቀ።»

«አንተ ወርጄ የምገባበትን አታውቀውም» አሉ አቶ ወዳጆ፤ ቁጣ የለበትም ድምፃቸው። «እዚያው ደብር ነው የማስቀድሰው።»

ገበያ ቀን ስለነበር ከመንገዱ ላይ የበግ ነጋዴዎች ጫጫታ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ቃለአብ ጉልበቱን መታ መታ አደረገና «እንዲህ እናድርግ» አለ። «በሁለታችን ስም ይግባ። ማስረጃው ሲወጣ ለእሷ የሚገባትን እኛው እንሰጣታለን። ማን ይከለክለናል? ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነት ከሌለው የእሷን ስም አስገብተን ያንተን እናውጣዋ» አለች አርሴማ።

«አንቺ ደግሞ ነገር አታክርሪ።»

ጥሩሸዋ እስካሁን ቃል አልተነፈሰችም። አቶ ወዳጆን አየቻቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከእሷ ዓይን ለማሸሽ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ስለ እሷ የሚዋሽላት ሰው ፈልጋ አታውቅም፤ አሁን ደግሞ ውሸቱ የሚያርፈው አባቷ ላይ ነው።

«በሁለታችሁ ይግባ» አለች።

«ጥሩዬ!» አለች አርሴማ።

«ይግባ እኮ ነው የምልሽ። ስማቸው አይነሣ።»

ማመልከቻው በሁለት ስም ተጻፈ። ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ አርሴማ የጥሩሸዋን እጅ ይዛ ነበር፤ ጥሩሸዋ ግን መስኮቱን ወደ ውጭ እያየች አንድ ነገር ብቻ ታብሰለስል ነበር። ጸሐፊው የልጆችን ስም ሲጽፍ እሷ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ማን ነሽ ብሎ እንኳ አልጠየቃትም።

ቀጠሮው እስኪደርስ ቃለአብ እዚያው ሰነበተ። ገብሱ ደርሶ ስለነበር ለአጨዳውም ሰው ያስፈልግ ነበር። በዚያ ሰሞን አቶ በኃይሉ የሚባል፣ ቀየት ላይ ሱቅ ያለው ሰው ይመላለስ ጀመር። አንድ ቀን ጥሩሸዋ በጎቹን ስትመልስ ቃለአብና አቶ በኃይሉ ከታች ያለውን እርሻ ድንበር ድንበሩን ይዘው ሲዞሩ አየቻቸው። አቶ በኃይሉ በዱላው ከወዲህ እስከ ወዲያ እያመለከተ ያወራል፤ ቃለአብ ራሱን ይነቀንቃል።

ማታ እራት ላይ ቃለአብ ራሱ አነሣው።

«በኃይሉ መሬቱን ለብዙ ዓመት ልከራየው ይላል። ነጭ ሽንኩርት ሊተክልበት ነው። ገንዘቡንም አስቀድሞ ይሰጣል።»

«ሙሉውን?» አለች ጥሩሸዋ።

«ሙሉውን ካልሆነ አያዋጣኝም ነው የሚለው።» ቃለአብ እንጀራውን ቆርሶ ሳይጎርስ ያዘው። «አንቺ ቤቱ ውስጥ ነሽ፤ ከቤት የሚያስወጣሽ የለም። ከኪራዩም እሰጥሻለሁ። እኔ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ስንት ዘመኔ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ግድግዳው ቆሞ ቀርቷል፤ ዝናብ እየበላው ነው። ልጆቼን ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ስጎትት ነው የኖርኩት።»

እውነቱን ነበር። ጥሩሸዋ የቆመውን ግድግዳ አይታዋለች፤ አንድ ጊዜ አባቷን ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ስትወስድ ወንድሟ ነበር ያሳያት። የሚስቱንም ድካም ታውቃለች። ስለዚህ አልተቆጣችም። «በጎቹስ የት ይግጣሉ?» ብቻ ነው ያለችው።

ቃለአብ የያዘውን እንጀራ ጎረሰ። «እሱን እናስብበታለን» አለ።

ሌሊቱን ጥሩሸዋ እንቅልፍ አልወሰዳትም ማለት አይቻልም፤ ደክሟት ስለነበር ተኝታለች። ሲነጋ ግን የመጀመሪያ ሐሳቧ ይኸው ነበር። ቤት ብቻ ይዞ ያለ መሬት መኖር ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። እሳት የሚነድበትን ኩበት ከሰው ትለምናለህ፤ ሽሮና ገብስ ከገበያ ትገዛለህ፤ መግዣው ሲያልቅ ከሰው ቤት ትውላለህ። እናቷ እንደዚያ ሰው እርሻ ላይ እየዋለች ነው የሞተችው።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ጠበብ ያለ ክፍል ውስጥ ነበር። ዳኛዋ በዕድሜ ከአርሴማ ብዙ የማይበልጡ ሴት ናቸው። አቶ ወዳጆ ቀርበው ማሉ።

«ሟች ከእነዚህ ከሁለቱ አመልካቾች ሌላ ልጅ አላቸው?» አሏቸው ዳኛዋ።

«የወለዱት እነዚህን ሁለቱን ነው» አሉ አቶ ወዳጆ። ሊወርድ እንደሚፈልግ ሰው እግራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ግን አልወረዱም። «ያሳደጉት ግን ሦስት ነው።»

«ሦስተኛው ማን ነው?»

«ያቺ ናት። ከኋላ የተቀመጠችው።»

ቃለአብ አንገቱን ቀና አድርጎ ሽማግሌውን አየ። ዳኛዋ ጥሩሸዋን እንድትቀርብ ጠሯት። ነጠላዋን አስተካክላ ቀረበች።

«ስምሽ?»

«ጥሩሸዋ መርስዔ ኃዘን።»

«ሟች ምንሽ ናቸው?»

«አባቴ ናቸው።» ድምፁ ከአፏ ሲወጣ ከጠበቀችው በላይ ከፍ አለ። ወዲያው ደግሞ ሰዎቹ እንዳይሳሳቱ ፈራች። «አልወለዱኝም። እናቴ ጎረቤታቸው ቤት ሞተች፤ እሳቸውና ባለቤታቸው አነሡኝ። እኔን የወለዱኝ እንዳይመስልዎት።»

«የጉዲፈቻ ውል ነበር? በፍርድ ቤት የጸደቀ?»

«የለም። ማን ይጠይቃል ብለው?»

ዳኛዋ መዝገቡ ላይ ጻፉ። «ይህን አቤቱታ ትቃወሚያለሽ?»

«አልቃወምም። ልጆቻቸው ናቸው።»

«እንግዲያው ስሚኝ» አሉ ዳኛዋ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እሷ እንድትረዳ ቀስ ብለው ነበር የሚናገሩት። «ፍርድ ቤቱ ልጅ ነው የሚለው የተወለደውን ወይም ጉዲፈቻው የጸደቀለትን ነው። ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃው የሚሰጠው ለሁለቱ ነው። የገጠር መሬት ግን የራሱ ሕግ አለው። እዚያ ሕግ ውስጥ የቤተሰብ አባል የሚባል አለ። ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ ኑሮውን የተጋራ ሰው ማለት ነው፤ መወለድ ግድ አይደለም። አንቺ ያ ነኝ ካልሽ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ማመልከት ትችያለሽ። ይሰጡሻል አላልኩም። መጠየቅ ትችያለሽ ነው ያልኩት።»

ጥሩሸዋ እጅ ነሥታ ተመለሰች። ማስረጃው ለቃለአብና ለአርሴማ እንዲሰጥ ተወሰነ።

ከግቢው እንደወጡ ቃለአብ መጀመሪያ የተናገረው አቶ ወዳጆን ነበር። «ጋሽ ወዳጆ፣ የተጠየቁት ሌላ ነበር።»

«የተጠየቅሁትን መልሻለሁ» አሉ ሽማግሌው። «የቀረውንም ባልናገር ኖሮ ዝም ብዬ ዋሸሁ ማለት ነው።» ይህን ብለው ዱላቸውን ይዘው ወደ መኪና ማቆሚያው አዘገሙ።

ቃለአብ ወደ ጥሩሸዋ ዞረ። «እንግዲህ ልትከሺኝ ነው?»

«አላውቅም ጋሼ» አለች።

የምሯን ነበር። ወንድሟን ተቃውማ አታውቅም። ልጅ እያሉ ከብት ሲጠፋ በእሷ ፈንታ የሚመታላት፣ ተማሪ ቤት ስትሄድ ወንዙን የሚያሻግራት እሱ ነበር። ደብረ ብርሃን ከገባ በኋላም በመጣ ቁጥር ለአርሴማ ያመጣውን ለእሷም ሳያመጣ ቀርቶ አያውቅም። መሬት አምጣ ብላ ሰው ፊት ብትቆም ይህ ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል ብላ ፈራች። ዝም ካለች ደግሞ በጎቿን ሸጣ በሰው ደግነት ልትኖር ነው።

አርሴማ ዘመሮ ከመመለሷ በፊት ለብቻ ወስዳ መከረቻት። «የእኔን ድርሻ ቤቱንም መሬቱንም ላንቺ ለቅቄያለሁ፤ ከፈለግሽ አሁኑኑ ልፈርምልሽ። የእሱን ግን እኔ ልፈርም አልችልም። መጠየቅ አለብሽ።»

«ቢቀየመኝስ?»

«ይቀየማላ። ሰው ተቀይሞ አይቀርም።»

ከዚያ በኋላ ገብሱን ማጨድ ያዙ። ውርጭ ሳይመታው መሰብሰብ ነበረበትና ጥላቻም ኩርፊያም ቢኖር ሥራው አይቆይም። ቃለአብና ጥሩሸዋ ጎን ለጎን እያጨዱ ውለው ከውሃ አቀብለኝ በቀር የሚነጋገሩት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ከነዶው ጥግ ተጠልለው ቆሎ ያዙ። ያን ጊዜ ቃለአብ ሳያያት ተናገረ።

«አባባ ለምን አልተናዘዙም? መሬቱ ያንቺ እንዲሆን ከፈለጉ ሰው ጠርተው፣ አስጽፈው፣ አስፈርመው መናገር ይችሉ ነበር። አእምሯቸው እስከ መጨረሻው ደህና ነበረ። ስላልፈለጉ ይሆናላ።»

ጥሩሸዋ በእጇ ያለውን ቆሎ መልሳ ወደ እቃው ጨመረችው።

«ጋሽ ወዳጆ ብለዋቸው ነበር» አለች። «እኔም እዚያው ነበርኩ። ባለፈው ፍልሰታ ነው። መርስዔ ኃዘን፣ ለዚች ልጅ አራት ሰው ፊት አንድ ነገር አስጽፍላት፤ ነገ አንተ ስትሄድ ሕግ አያውቃትም አሏቸው። አባባ ተቆጡ። እንደዚያ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም።»

«ምን አሉ?»

«ኑዛዜ የሚጻፈው ለባዳ ነው አሉ። ለቃለአብና ለአርሴማ ልጆቼ ናቸው ብዬ ምስክር ጠርቼ አውቃለሁ? ለእሷ ብጠራ ልጄ አይደለችም ብዬ በጣቴ ፈረምኩ ማለት ነው። እሷም እንደነሱ ያለ ወረቀት ልጄ ናት። ይህን ነው ያሉት። ጋሽ ወዳጆም ከዚያ ወዲህ አላነሡትም።»

ቃለአብ ከነዶው አንድ የገብስ ዛላ መዘዘ።

«እኔ ደግሞ ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ?» አለች ጥሩሸዋ። «ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ስሠራ ዋልኩ። መሬት የሚባለው ነገር ትዝም አላለኝ።»

ይህን ስትናገር ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች። ቃለአብ አጠገቧ ያለውን ነዶ እያገላበጠ ብዙ ቆየ። ከዚያም ያላሰበችውን ጠየቃት።

«ሲሞቱ እንዴት ነበር? ከቀብሩ ወዲህ ሰው ስለበዛ ማንንም አልጠየቅኩም።»

ነገረችው። መጀመሪያ እህል አልዋጥ እንዳላቸው፤ ከዚያ እግራቸው እንዳበጠ፤ ገላቸውን ስታጥባቸው እያፈሩ ዓይናቸውን ይጨፍኑ እንደነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ቅዳሴውን ከመጀመሪያው ጀምረው በቃላቸው ሲወርዱ፣ የዲያቆኑ ቦታ ሲደርሱ ቆም ብለው እሷ እንድትመልስ ይጠብቁ እንደነበር ነገረችው። እሷ ደግሞ የምታውቀውን ያህል ትመልስ ነበር። ሲያቅታት ይስቁባታል።

«ጠርቶኝ ነበር?» አለ ቃለአብ። እንደ ልጅነቱ አንተ ብሎ አባቱን መጥራቱን ልብ ያለው አይመስልም።

«ቃለአብ መንገድ ላይ ነው ወይ ይሉ ነበር። አዎ፣ እየመጣ ነው እላቸው ነበር።»

ቃለአብ ተነሥቶ ወደ እርሻው ዳር ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሲመለስ ማጭዱን አነሣና ካቆመበት ቀጠለ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ጥሩሸዋ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆመች። «ቀበሌ ልሄድ ነው» አለችው። «አልከስህም ጋሼ። ግን እጠይቃለሁ። ያንተ መስሎ ከታያቸው ላንተ ይስጡህ፤ እኔ ሳልጠይቅ ግን መቅረት አልችልም።»

«ሂጂ» አለ።

ኮሚቴው ማመልከቻዋን ተቀብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ የሚቃወም ካለ እንዲቀርብ ቀን ቆረጠ። በዚያ ቀን የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። የሌላ ሰው የድንበር ክርክር ሲያልቅ የጥሩሸዋ ስም ተጠራ። አቶ በኃይሉ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። አርሴማ ከዘመሮ መጥታለች። ቃለአብ ከኋላ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ማስረጃውን በፕላስቲክ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ይዟል። ለምን እንደመጣ ለማንም አልተናገረም፤ ጥሩሸዋም አልጠየቀችውም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጎረቤቶችን ከጠየቁ በኋላ «ወራሽ ነኝ የሚል አለ?» አሉ።

ቃለአብ ተነሣ።

«ወራሽ እኔ ነኝ። ይኸው ማስረጃዬ።»

«እህትህ የቤተሰብ አባል ነኝ ብላ አመልክታለች። ከሟች ጋር በቋሚነት የኖረው፣ መሬቱን ያለማው ማን ነው?»

ቃለአብ አቶ በኃይሉን አላየውም፤ ማንንም አላየም። ሰዎቹ በኋላ ሲያወሩ የረሳውን ነገር የሚያስታውስ ሰው ይመስል ነበር ይላሉ።

«እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው» አለ። «ለዓመት በዓል እመጣለሁ፤ እንግዳ ነኝ፤ በግ ይታረድልኛል፤ እሄዳለሁ። አባቴ ጋ የኖረችው እሷ ናት። መሬቱንም ይዛ ያቆየችው እሷ ናት። ከሷ በቀር ማንም የለም።» ከዚያ አቶ ወዳጆ ወዳሉበት ዞረ። «ወንዝ ዳር ያለውን ባሕር ዛፍ ግን እፈልገዋለሁ። አባቴ ሲተክሉት ችግኙን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። እሱ ይሰጠኝ።»

ሰብሳቢው ጥሩሸዋን አዩ።

«ይውሰድ» አለች።

እንዲህ ሆኖ ተጻፈ። እርሻውና ግጦሹ ለጥሩሸዋ፣ ባሕር ዛፉ ለቃለአብ ሆነ። ቤቱን አርሴማና ቃለአብ ተስማምተው ለእሷ መልቀቃቸውን ፍርድ ቤት ቀርበው አጸደቁላት። ወረዳው አዲሱን የይዞታ ደብተር ሲሰጣት ጸሐፊዋ ከስሟ አንጻር፣ ከቀድሞው ባለይዞታ ጋር ያላት ዝምድና በሚለው ቦታ ላይ «የቤተሰብ አባል» ብላ ጽፋ ነበር። ጥሩሸዋ ቃሉን ደጋግማ አነበበችው። ልጅ እንዲል ትመኝ ነበር። ከላይ ግን ስሟ ከነአባቷ ስም ሳይጎድል ተጽፏል። ፈረመችና ወጣች። አቶ ወዳጆ ውጭ ሲጠብቋት አገኘቻቸው። ስለ ምስክርነቱ እንዳትቀየማቸው ፈርተው ኖሯል። «ያን ቀን ባልዋሽልሽ» ብለው ሲጀምሩ፣ «አባባም አይፈልጉትም ነበር» ብላ እጃቸውን ሳመች።

ቃለአብ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ አኮረፈ። እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም ቢባልም አኮረፈ። በሰው ሁሉ ፊት እውነቱን መናገሩ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ኪራይ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ የሆነውን ማስረዳት ደግሞ ሌላ ነው። አቶ በኃይሉም ቃል አፍርሶብኛል እያለ ቀየት ላይ ስሙን ሲያነሣ ከረመ። ቃለአብ ባሕር ዛፉን ለማስቆረጥ በጥር ሲመጣ ጥሩሸዋ ለቆራጮቹ ምሳ አቀረበች፤ እሱም በላ፤ ለቤቱ ጣራ የሚሆነውን መርጦ የቀረውን ሸጠ፤ ግንዱን በአይሱዙ ጭኖ ሄደ። በዚያ ቀን የተነጋገሩት ስለ ቁመቱና ስለ ውፍረቱ ብቻ ነው። አርሴማ ስልክ ደውላ ምን አለሽ ስትላት ጥሩሸዋ «እህል ቀምሷል» ነው ያለቻት።

ሁዳዴ ገብቶ አጋመሰ። በልጉ ዘግይቶ ሰዉ ሁሉ ሰማይ ሰማዩን ያይ ነበር። እኩል አራሿ ሞፈሩን አዘጋጅቶ፣ ዘሩ ተመርጦ በጎታ ተቀምጦ፣ የሚጠበቀው ዝናብ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፣ ጥሩሸዋ ለበጎቹ ውሃ ስትቀዳ ስልኳ ጮኸ።

«ጥሩዬ» አለ ቃለአብ። «ዘነበ ወይ?»

«አልዘነበም ጋሼ። ትናንት ማታ ግን ወደ ጓሳ ተራራ በኩል ሰማዩ አጉረመረመ።»

«እዚህ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ወደ እናንተ ይመጣ ይሆን ብዬ ነው።»

«ይመጣ ይሆናል።»

ከወዲያ የልጆቹ ድምፅ ይሰማል፤ አንደኛዋ በቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ለማዳመጥ ወጥታ ይሆናል፣ እናቷ ግቢ ትላታለች።

«ሲዘንብ ደውዪልኝ» አለ። «ለዘሩ እመጣለሁ። ሁለት ቀን ፈቃድ አያጡልኝም።»

«እሺ» አለች። «ስትመጣ ልጆቹንም ይዘሃቸው ና።»

ስልኩን ነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ባልዲውን አነሣች። በጎቹ ተጋፍተው ገንዳውን ከበውት ነበርና ውሃው ሳይፈስ ለማድረስ መንገድ ማስለቀቅ ነበረባት።